ጅብ የሚሆንልኝ ልጅ

«እናንተ የፈለጋችሁትን አፍቅሩ። እኔን ያፈቀረኝ ልጅ ግን ጅብ ይሆናል!»

ትዝታ ይህን ያለችው ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ፣ ጋሽ ጌጡ መጽሐፍ ማከራያ በር ላይ ቆማ ነው፤ ያውም ወገቧን ይዛ። ዘጠነኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ የምትማር ልጅ ያን ያህል ስትንጠባረር ማየት ነበር።

ጋሽ ጌጡ ድሮ የሚያከራየው የጸሎት መጻሕፍትና የፈተና መለማመጃ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ ካርቶን ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተገኘች፤ ልጅቷ ተማሪ፣ ልጁ ሰይጣን፣ ፍቅራቸው ለጉድ። የከተማው ሴት ልጅ ሁሉ ተሻማባት። ቀጥሎ ደም የሚመጥ አፍቃሪ መጣ፤ ቀጥሎ ከመቃብር የሚነሳ፤ ቀጥሎ ውኃ ውስጥ የሚኖር። መጀመሪያ ከሌላው ልብ ወለድ ጋር ይቀላቅላቸው ነበር፤ ኋላ ሲያይ ልጆቹ ሌላውን ገልብጠው ጥለው እነዚህን ብቻ ይለቅማሉ። የብስኩት ካርቶን ቀደደና «የልጃገረዶች አስፈሪ ፍቅር» ብሎ ጽፎ ለብቻቸው መደርደሪያ ሰጣቸው። ዓመት ሳይሞላ መደርደሪያው ሦስት ሆነ። ሒሳብና ፊዚክስ መሬት ወረዱ። የጸሎት መጻሕፍቱን መሬት ማውረድ ስለፈራ ጣሪያው ሥር ሰቀላቸው፤ እዚያ ማንም አይደርስባቸውም።

ከሁሉም የገነነው ጅብ የሚሆነው ልጅ ታሪክ ነው። ደም መጣጩን ብዙም አልለመድነውም፤ ጅብን ግን ማን አያውቅም?

ታዲያ በዚያ በር ላይ ማንበብ ብቻ አይበቃም ነበር፤ የራስ አስፈሪ አፍቃሪም ያስፈልጋል። የትዝታ ጓደኛ ዝናሽ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዳ ስትታጠብ እግሯን የያዛት እጅ እንዳለ ምላ ተናግራለች። ርብቃ መስተዋት ባየች ቁጥር ከኋላዋ ጥላ ይቆማል። ትዝታ ምንም የላትም። ምንም የሌላት ልጅ ደግሞ ከመሐል ተገፍታ ዳር ትቆማለች። ስለዚህ ጅብ አመጣች።

«ማን ነው እሱ?» አለች ርብቃ።

«ሄኖክ።»

«ያ እናንተ ግቢ የተከራየው የቀጥቃጩ ልጅ? ሂጂ ወዲያ!»

«አያየኝም። ስመጣ ያቀረቅራል። ከሰው ጋር አይበላም፤ ለብቻው ነው የሚበላ። መጽሐፉስ ምን ይላል? እንዳይጎዳት ብሎ ይርቃታል አይደል?»

ዝናሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትዝታ በዚያች ቀን መሐል ቆመች።

ሄኖክ ለብቻው የሚበላው አብሮት የሚበላ ስላጣ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል፣ ጅብ ይሆናል የሚለው ክፉ ወሬ እሱና አባቱ ከጋፋት በኩል ሲመጡ አብሯቸው መጥቷል። የሚያቀረቅረውም ቀና ቢል «ዓይኑን ጣለብኝ» የምትል ስለማትጠፋ ነው። ትዝታ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን ያው ወሬ በመጽሐፍ ሲመጣ ማር ማር ይላል።

ሚያዝያ ላይ አባቱ አያ ሙላቴ ቀና የሚሉበት ፋታ የላቸውም፤ ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ተሸክሞ ይመጣል። ሄኖክ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ፈተናው ደርሷል። ከጋሽ ጌጡ መሬት ላይ ያነሳውን የሒሳብ መለማመጃ ይዞ እሳቱን ከሚያናፋው ወናፍ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ትዝታ መጣች።

«ምስጢርህን አውቃለሁ» አለችው።

«የምን ምስጢር?»

«ጅብ እንደምትሆን። አልፈራህም።»

እርሳሱ ከእጁ ወደቀ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ትዝታ ደስ አላት። መጽሐፉም ላይ እዚህ ቦታ ላይ ልጁ ይገረጣል።

«ለማን አወራሽ?»

«ለማንም።»

«በእመብርሃን፣ ትዝታ፣ በቀልድም እንዳታወሪው! አሁን ካስወጡን እኔ መማሪያ፣ አባቴ መሥሪያ የለንም። ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ዝም በይልኝ።»

ትዝታ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ትዝታ» ያለውን ነው። ሮጣ ሄዳ፣ «በስሜ ጠራኝ! ለማንም አትንገሪ ብሎ ለመነኝ! እርሳሱ ከእጁ ሲወድቅ ብታዩት!» አለቻቸው።

በሳምንቱ ርብቃን ሆዷን ቆረጣት። ጠዋት ያልበሰለ ኮክ ስትግጥ አርፍዳለች፤ ግን ኮክ አመመኝ ብላ የምትጮህ ልጅ በየትኛው መጽሐፍ አለች? ዓይኗን ገለበጠች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አጤሱባት፤ «ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ!» አሏት። ርብቃ በጭሱ መሐል ዙሪያዋን ቃኘች። ይህን ያህል ሰው ለእሷ ተሰብስቦ አያውቅም።

«ሄኖክ» አለች።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ እነትዝታ ግቢ ገባ። የትዝታ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው መሐል አቆሟት።

«አንች ነሽ አሉ ያወራሽው። አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

ሄኖክ መለማመጃውን በብብቱ እንደያዘ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ተራ ዓይን ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ደፍረስ ያለ የተማሪ ዓይን። አላየሁም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን ዝናሽ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ታያለች። አላየሁም ካለች ነገ ጋሽ ጌጡ በር ላይ መሳቂያ ናት።

«አይቻለሁ» አለች። ትንሽ መሰላትና ጨመረችበት። «ጅራቱን ሳይቀር።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ እስከዚያች ሰዓት አያ ሙላቴን አንቱ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ!» አሏቸው።

አያ ሙላቴ አልተቆጡም። እጃቸውን በቆዳው ሽርጥ ጠረጉ። «ልጁ ፈተና አለበት እትዬ። እሱ ብቻ እስኪፈተን…»

«ጅብ ደግሞ ምን ፈተና አለበት!» አለ አንዱ ከአጥሩ በኩል። ግቢው በሳቅ ሞላ። ትዝታም ሳቀች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገሳይ የሚሄድ አይሱዙ በር ላይ ቆመ። አያ ሙላቴ ጋቢና ገብተው ፊታቸውን ወደ ዳሽቦርዱ አድርገዋል። ሄኖክ መዶሻውንና ጉጠቱን ጭኖ ሲወርድ ትዝታ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ሁለት ቀሚስ በፌስታል ይዛ ወጣች። በመጽሐፉ መጨረሻ ልጅቷ ሁሉን ትታ ልጁን ትከተላለች። ዝናሽ ማዶ ቆማለች፤ በደንብ እንድታይ ትዝታ መኪናው ሥር ድረስ ተጠጋች።

ሄኖክ የሒሳብ መለማመጃውን ዘረጋላት።

«ለጋሽ ጌጡ መልሺልኝ።»

ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ዞር ብላ ገለጠችው፤ ቁልቁል ዘቅዝቃ አራገፈችው። ደብዳቤ አልወደቀም። ገና ግማሹ ላይ የታጠፈች አንዲት ገጽ ነበረች፤ የቆመበት።

ሄኖክ ተመልሶ ጭነቱ ላይ ወጥቷል። ትዝታ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዝናሽ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ሄኖክ! አገር ሁሉ ቢጠላህ እኔ አልጠላህም። ጅብም ብትሆን የኔ ነህ። ይዘኸኝ ሂድ!»

ሄኖክ ወናፉን የሚያስርበትን ገመድ ከላይ ሳበ። አልመጣም። እንደገና ሳበ። ጎንበስ ብሎ ቁልቁል አያት።

«ገመዱን ረግጠሽዋል» አለ። «እግርሽን አንሺ።»