የልሙጥ በርሜሎች ጎጆ

እንደ በርሜል ፋብሪካው አባባል የዱር ዳክዬዎቹ ጫጩቶች በሰላም ተፈልፍለው ሐይቁ ላይ እየዋኙ ነው። እንደ ሐይቁ ጠባቂ አባባል ግን አንዱም ከበርሜሉ አልወጣም።

ጠባቂዋ የበርሜል መርማሪው ታናሽ እህት ናት። ሠራተኞቹ መርማሪውን «ጋሽ ልሙጥ» ይሉታል፤ እጁን በርሜል ውስጥ ሰድዶ አንዲት ጭረት ጣቱን ከነካችው በርሜሉን ይጥላል። የተጣሉት በርሜሎች የዳክዬ ጎጆ ይሁኑ ሲባል ሥራው ለእሱ ተሰጠ። እሱም የለመደውን አደረገ፤ ውስጣቸውን ፍቆ፣ በእሳት ለብልቦ፣ እንደ መስታወት አለሰለሳቸው። መውጫቸውን ከላይ ቀደደና ሐይቁ ዳር በእንጨት ላይ አቆማቸው።

ዛሬ እህቱ ፋብሪካው አዳራሽ ድረስ መጥታ የሞተ ጫጩት የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጥፍሩን እየው ወንድምዬ። ሲቧጥጥ ነው ያለቀው። እናትየው ከላይ ትጠራለች፣ እነሱ ሊወጡ ሲሞክሩ ይንሸራተታሉ።»

«ጭረት ያለው በርሜል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለ።

«እሱ ነዋ የፈጃቸው!»

በርሜል ቆራጩ ከማሽኑ ቀና አለ። «ጋሽ ልሙጥ፣ ጫጩቱስ ፈተናውን አለፈ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መርማሪው ጆሮው ቀላ።

«ሦስቱ በርሜሎች ውስጥ ዛሬ ጠዋት የተፈለፈሉ አሉ፤ ሲጮኹ ሰምቻለሁ» አለች እህቱ። «ውስጡን የሽቦ መረብ ብናለብሰው ቆንጥጠው ይወጣሉ። መሰላሉን ይዘህ ና። ካፈርኩ አይመልሰኝ አትበል።»

ሳቁን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ። ጫጩቱን አየና ፈገግ አለ።

«ጋሽዬ፣ ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሳምንቱን እዚሁ ናቸው። ጎጆዎቹን የሚያስጎበኙት እርስዎ ነዎት፤ ከነገ ጀምሮ የጥራት ክፍል ኃላፊ ሆነው። እርስዎ ሥራዬ ስህተት ነበረበት የሚሉ ከሆነ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እንግዶቹ ሲሄዱ ቢጠገንስ?» አለ መርማሪው።

«ሳምንት ያለ ምግብ?» አለች እህቱ። «እየሰማሃቸው ልታስጎበኝ ነው?»

መርማሪው ቆራጩን አየ። ቆራጩ ሌላ ቀልድ እያዘጋጀ ነበር። መርማሪው ጫጩቱን በወረቀት ጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው፤ ጠረጴዛውን በእጅጌው ወለወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፦

«መሰላሉ ይቆለፍበት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ማንም በርሜሎቼን አይነካም። ለእንግዶቹ ደግሞ ጎጆዎቹን ከማዶ ነው የማሳያቸው፤ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ አለ።»