የመጨረሻው ምዕራፍ አኃዝ

«ጋሼ ተሾመ፣ በዚህ ሰዓት የሚነገር አልነበረም፤» አለ ደራሲው ዮፍታሔ፣ ከፍራሹ ጫፍ በርከክ ብሎ። «መጽሐፌ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። ወይዘሮ መሰረት የመጨረሻውን ምዕራፍ ርዕስ ሳያስተካክሉ አረፉ። ከፈቀዱልኝ ፋይሉን ልውሰደው። የግእዝ አኃዙን በሙሉ አንስቶ በተለመደው ቁጥር የሚተካ ሰው አግኝቻለሁ፤ ባንድ ትእዛዝ ያልቃል ይላል።»

ተሾመ ሚስቱን መሰረትን የቀበረው ትናንት ነው። ድንኳኑ በቡራዩ ጎረቤት ተሞልቷል፤ ከጀርባው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሥራዋ ምን ነበር?»

«ታይፕ መሰለኝ።»

ታይፕ! በገፈርሳ መስመር የሚነዳውን ሚኒባስ አቁሞ ሲገባ፣ «ተሼ፣ ጫማህን ሳታወልቅ ና እየው፤» ትለው ነበር። «የግእዝ አኃዝ ከላይና ከታች ሰረዝ አለው፤ ጣሪያና ወለል ያለው ቤት ነው። ማሽኑ ግን አያውቅለትም፤ ርዕሱን ከአኃዙ እኩል በማቆም ፋንታ ከወለሉ በታች ያንጠለጥለዋል።» የእያንዳንዱን ምዕራፍ ርዕስ በዓይኗ እየመዘነች፣ በፀጉር ስፋት ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ፣ «አሁን ተስተካከለ፤» ሲላት ትስቃለች። «ሙያው ገባህ ማለት ነው። እንግዲህ እራቱንም ሞክረው!»

ይህን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለው የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዲሪባ።

«ሥራዋን ልጨርስላት።»

«ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነሥቶ ሥራ? ሰው ምን ይላል? ቢያንስ ሠልስቱ ይለፍ እንጂ!»

«ሠልስቱን ከጠበቅሁ የእሷ እጅ ከመጽሐፉ ይጠፋል፣ ኦቦ።»

ዲሪባ ድንኳኑን ዞር ብሎ ቃኘ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሂድ በቃ። ሰው የጠየቀኝ እንደሆነ ፊቱን ሊታጠብ ገባ እላለሁ። ብቻ ቶሎ ተመለስ፤ መዋሸት አልችልበትም።»

የመሰረት ክፍል ቀዝቅዟል። ዮፍታሔ ተከትሎት ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ያቋረጠችው ገጽ ወጣ፤ ፲፪ ከላይ፣ ርዕሱ ከወለሉ በታች ተንጠልጥሎ። ነጠላዋ ወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተጣለ ነበር።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ፤» አለ ዮፍታሔ።

ተሾመ ወንበሩን አልሳበውም። ከኋላው ቆሞ ጎንበስ አለ፤ ሁለት ክንዶቹን በመደገፊያው ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ ነጠላው እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ፣ ርዕሱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫነ።