ሰንጢና ከፈን

«ስለት ያለው ነገር የያዘ አሁኑኑ ያውጣ! ኋላ ሲፈተሽ የተገኘበት ሰው ስሙ ከዝርዝር ይሰረዛል፤ ሐጁም ቀረ ማለት ነው!»

ሞላልኝ ነው እንዲህ የሚጮኸው፣ የጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ። ካኪ የለበሰ፣ ጢሙ ገና በደንብ ያልሞላ ፈታሽ ነው። ከፊቱ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የስም ዝርዝርና ቀይ እስክሪብቶ። የሐምሌ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቶ ያጓራል። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን፣ ከዚያ ጂዳ፣ ከዚያ መካ።

ዘሀራ ከሰልፉ መሀል ሻንጣዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሰንጢዋ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ በነጩ ከፈኗ ተጠቅልሎ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሞት መንገድ ላይ ቢያገኘው የሚገነዝበትን ጨርቅ ይዞ ነው የሚሄደው። ከፈን ደግሞ ማን ደፍሮ ይፈታል? ያንን አስባ ነው እዚያ ያስቀመጠችው።

«እማ» አለ ልጇ ጀማሉዲን ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ። «ሰንጢውን ቤት ትተሽዋል አይደል?»

«ፊትህን ወደፊት አድርግ።»

«እማ!»

«ወደፊት አልኩህ።»

ጀማሉዲን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ሴት ብቻዋን ሐጅ አትሄድምና ፈቃድ ወስዶ እናቱን አጅቦ መጥቷል። እናቱ ተመዝግባ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች። በየዓመቱ ዕጣ ይወጣል፣ በየዓመቱ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። ዘንድሮ የሷ ሲጠራ ጎረቤት ሁሉ እልል ብሏል።

ባሏ ሲሞት አራት ልጅ ትቶላት ነበር። በርበሬና ሽንኩርት ጭና ባቲ ገበያ እየተመላለሰች፣ ሲመሽባትም ሜዳ ላይ እያደረች አሳደገቻቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰንጢው ከመቀነቷ ተለይቶ አያውቅም። ማንንም ወግታበት አታውቅም። ግን በዚያ መንገድ ላይ ዘሀራ ሰንጢ እንዳላት የማያውቅ ሰካራምም ቀማኛም አልነበረም።

«ትናንት ከኮምቦልቻ ወደዚህ ሽቅብ ወጣን» አለች ከኋላዋ የቆመችው፣ ከደጋን የመጣችው መርየም። «ዛሬ ደግሞ ተፈትሸን ቁልቁል በዚያው በኮምቦልቻ ልናልፍ። እዚያው በራችን ላይ ቢፈትሹን ምን ነበረበት?»

«ዳገቱን እንድናውቀው ነዋ።»

«ኧረ ተይኝ። ይልቅ ያንን ነገርሽን ምን አደረግሽው?»

«የቱን?»

«የቱን ትላለች በነቢ! አገር የሚያውቀውን!»

«አንቺስ ያንቺን?»

«ለምራቴ ሰጠኋት። ሳዑዲ እኮ የሌባ እጅ ይቆረጣል አሉ። ማን ይነካናል?»

«የሱ እጅ እስኪቆረጥ የኔ ኪስ ተቆርጦ ያድራል» አለች ዘሀራ።

በአጠገባቸው ያሉት ሳቁ። እንድሪስ ግን አልሳቀም። እንድሪስ ጂቡቲ ወደብ ላይ ስድስት ዓመት ሸክም የተሸከመ፣ ስለ ውጭ አገር ሲወራ ሳይናገር የማያልፍ ሰው ነው።

«በሰው አገር ስለት ይዞ መገኘትን የሚያህል ሞኝነት የለም» አለ። «ቋንቋውን አታውቂ፣ ሕጉን አታውቂ። ፖሊሱ ቢላዋ ካየ ለምንሽ ነው ብሎ አይጠይቅሽም። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ሲገፉኝ ‹ወንድሜ አፉ በለኝ› እያልኩ ኖሬ መጣሁ።»

«ስንቴ ተዘረፍክ?»

እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስቴ።»

«ይኸው!»

«ተዘረፍኩ፤ ግን አለሁ እትዬ ዘሀራ። ቢላዋ የያዘው ጓደኛዬ ነው እዚያው የተቀበረው።»

«አላህ ይማረው» አለች ዘሀራ። «እሱ ወንድ ነው። ወንድ ስለት ሲይዝ ጠብ ጠብ ይለዋል። ሴት የምትይዘው ጠብ እንዳይመጣባት ነው።»

«ሐረም ውስጥ፣ በመካ ቅዱስ ክልል፣ መሣሪያ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ሸኹ ነግረውናል።»

«ሐረም በሩ ላይ እጥለዋለሁ። ከዚህ እስከዚያ ያለው ሁሉ ግን ሐረም አይደለም።»

«ቀጥሎ!» አለ ሞላልኝ።

ተራዋ ደርሶ ነበር። ሻንጣዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሞላልኝ ከፈተና ዕቃውን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። በሶ፣ የሰላት ልብስ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማ። ከታች ነጩ ጨርቅ ላይ እጁ ደረሰ።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?»

«ከፈኔ ነው ልጄ። ስሞት የምጠቀለልበት።»

ሞላልኝ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። ዕቃዋን መልሶ ከተተ፤ ስሟ አጠገብ ምልክት አደረገና «ይለፉ፤ በሰላም ያግባዎት» አለ። ጀማሉዲንም ተፈትሾ አለፈ። ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሲያመሩ ጀማሉዲን የእናቱን ፊት አየና ነገሩ ገባው።

«ወላሂ ይዘሽዋል።»

«ዝም በልና ሂድ።»

እግሯን ወደ አውቶቡሱ ደረጃ ስታነሣ ከኋላ ጩኸት ሰማች።

«ይሄስ? ይሄስ ምንድነው?»

ዞር አለች። ሞላልኝ የቆዳ አፎት ያለው ረጅም ካራ ወደ ላይ አንሥቶ ያሳያል። ጠረጴዛው ፊት የቆሙት የሐርቡው ገበሬ አያ አብዱልወሀብ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ።

«ካራ ነዋ» አሉ እሳቸው ረጋ ብለው።

«አውጡ ስል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ስለ ጦር መሣሪያ የምትናገር መስሎኝ ነው። ይሄ የእርድ ዕቃ ነው። መካ እርዴን የማርድበት።»

«አያ» አለ እንድሪስ ከሰልፉ፣ «እዚያ እኮ አራጅ አለ! ገንዘብ ከፍለው ያርዱልዎታል።»

«በሰው ካራ የታረደ የኔ እርድ ይባላል?» አሉ አያ አብዱልወሀብ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። ወር ሙሉ ስለውታል፤ ሲስሉት ማንም እንዲህ አይደረግም ያላቸው የለም። «ይሄ ካራ ያባቴ ነው። በእግሩ ነበር ለሐጅ የወጣው፣ በአፋር በኩል። እሱ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጓደኞቹ ካራውን ይዘውልን መጡ። አሁን ደግሞ መካን ሳያይ ሁለተኛ ይመለስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ትእዛዝ ነው» አለ ሞላልኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣና አንድ ስም ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመረበት። «ጨርሰዋል። ዕቃዎን ይዘው ይሂዱ።»

ሽማግሌው አልሄዱም። «ልጆቼ ሐርቡ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል» አሉ ድምፃቸው ቀንሶ። «አውቶቡሱ ሲያልፍ ቆሜ ዱዓ ላደርግላቸው ነው። ምን ይበሉ?»

ሰልፉ መሬት መሬት ያያል። ከዝርዝር መሰረዝ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረ ሰው የራሱም ስም ተከትሎ እንደሚሰረዝ ያውቃል።

«እማ፣ ነይ ግቢ» አለ ጀማሉዲን ክንዷን ይዞ። «እኛ ምን እናደርጋለን? ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅሽ።»

«ልቀቀኝ።»

«እማየ፣ በአላህ!»

«አላህን ራሱን ነው የማስበው» አለች ዘሀራ። «ቤቱ ደርሼ ምን ልለው ነው? ‹እኔ በከፈኔ ደበቅሁ፣ ሽማግሌው እውነቱን ተናገሩ፣ እሳቸው ቀሩ፣ እኔ መጣሁ› ልበለው?»

ክንዷን ነጥቃ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ጭቃው ነጠላዋን ረጨው፤ ዞር ብላ አላየችውም። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ሻንጣውን ከፈተች፣ ከፈኑን አወጣች፣ ሁሉም እያየ እጥፋቱን ፈታችው። ሰንጢው ዝርዝሩ ላይ ዱብ አለ።

«የኔ ነው» አለች። «አልደበቅሁም አልልህም። ደብቄ ነው ያለፍኩት።»

ሞላልኝ ቀላ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ በር ገልመጥ አለ፤ ኃላፊው ውስጥ ስልክ ላይ ነው። ከዚያ ወደሷ ዘመም ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ ምን ነካዎት? መልሰው ይክተቱት። እኔ አላየሁም። ‹ፈትሸህ እንዴት አሳለፍክ› ቢሉኝ የምለው የለኝም። ይያዙትና በሰላም ይሂዱ፤ እኔም ልትረፍ።»

ዘሀራ አየችው። ልጅ ነው፤ ከታናሽ ልጇ ያንሳል። አሳዘናት። ነገሩ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሰንጢውንም ሐጁንም በአንድ ቃል ሊሰጣት ነው።

«የሳቸውንስ አላየህም ማለት አትችልም?»

«የሳቸውን ሰው ሁሉ አየው።»

«የኔንስ ማን ያላየው አለ? ያውና ቆመው።»

ሞላልኝ ሰልፉን አየ። ሰልፉ አሁን መሬት አያይም።

«እትዬ ዘሀራ፣ ሁላችንንም ታስቀሪናለሽ!» አለ እንድሪስ።

«አንተን ማን ነካህ? ባዶ እጅህን ነህ፣ ሂድ» አለችው ፊቷን ሳትመልስ። ከዚያ ለሞላልኝ፣ «ወይ ሁለታችንንም አሳልፈን፣ ወይ ሁለታችንንም አስቀረን። የሽማግሌውን አይተህ የኔን የማታይበት ዓይን ከየት አመጣህ?»

«አንቺ ሴት፣ እኔን ተይኝ» አሉ አያ አብዱልወሀብ። ካራቸውን ታቅፈዋል። «ሐጅሽን በኔ ምክንያት አታበላሺ። ሂጂ፤ እዚያ ዱዓ አድርጊልኝ።»

«ሐጁ የኔ ነው አያ አብዱልወሀብ። አበላሽሁትም አቀናሁትም የኔ ነው።»

ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከአውቶቡሱ መስኮት ሰዎች አንገታቸውን አወጡ። ከኃላፊው ክፍል «ሞላልኝ! ምንድነው የዘገየው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንዴ በቀይ የተሰረዘ ስም አይመለስም» አለ ሞላልኝ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል። «ብፈልግም አልችልም። ገባዎት እናቴ? አይመለስም።»

«ፈጽሞ አይመለስም?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው እስክሪብቶውን ወዲህ በል።»

«ምን?»

ከጣቶቹ መሀል መዛ ወሰደችው። ሰንጢውን በግራ እጇ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ጣቷን ዝርዝሩ አናት ላይ አስቀምጣ ቁልቁል ትሄድ ጀመር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠብቅ፣ አታሳስተኝ» አለች። «እኔ ከገበያ ደክሜ ስገባ በየማታው ቀበሌ እየጠራችሁ ፊደል ያስቆጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ማንበብ ጨለማን ይገፋል ብላችሁ። እያነበብኩ ነው።»

ጀማሉዲን መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ እጁን መልሶ አወረደ።

ጣቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመ። «ዘ» አለች። «ሀ። ራ።» ቀና ብላ ልጇን አየችው። «ያንተ ከኔ ሥር ነው። እሱን አልነካውም። ራስህ የምታደርገውን ታውቃለህ።»

«ቢስሚላህ» ብላ እስክሪብቶውን ስሟ ላይ አሳረፈችና ጎተተች። መስመሩ መሀል ላይ ጠመም አለ። አየችው፤ ከመጀመሪያው አንሥታ አንድ ጊዜ ደገመችበት።