ወደ መንገዱ የሚከፈት በር

«ድንች እንኳ የሚበሰብስበት ጉድጓድ ነው! ልጅሽን እዚህ ልታስቀምጪ?» አሉ ጋሽ ይገዙ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው።

የዘርፈሽ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከግብርና ቢሮ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ ዋና ሥራቸው የወንድማቸውን ቤት መምከር ሆኗል፤ ደሞዝ ባይኖረውም አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ዘርፈሽ ምድር ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብላ የተሰበረ አልጋ እየጎተተች ነበር፤ ቀና ብትል አናቷ የጣሪያውን ወራጅ ይመታል።

ነገሩ ለሚገባው ሰው ቀላል ነው። ልጇ ዲቦራ ባኮ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። ጥቅምት ላይ ወደ አምቦ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ፤ ነፍሷ ተረፈች፣ እግሮቿ ግን እምቢ አሉ። ይኸው የካቲት ገብቷል፣ እሷ አሁንም አዲስ አበባ ሆስፒታል ናት፤ ግንቦት ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤቷ ትመለሳለች ተብሏል። ወደ ቤቷ! ቤቷ ደግሞ ተዳፋት ላይ የቆመ ነው። ከመንገዱ ተነስቶ ሳሎን ለመድረስ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ መውጣት ግድ ነው። ከሳሎኑ ሥር ያለው ምድር ቤት ሦስት ጎኑ ኮረብታው ውስጥ ተቀብሮ ፊቱ ብቻ ወደ መንገዱ ያያል፤ በሩም ሁለት ደረጃ ወጥተው ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ጠባብ ሳንቃ ነበር።

ጋሽ ይገዙ መላ ካገኙ ቆይተዋል። «አራት ጎረምሳ አይጠፋም። ተሸክመን ሳሎን እናወጣታለን፣ ስትፈልግ ተሸክመን እናወርዳታለን። ቤተሰብ አይደለን እንዴ?»

ዲቦራ ይህን በስልክ ስትሰማ፣ «እማዬ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ ያነሳኛል፣ ሳይጠይቀኝ ያስቀምጠኛል። ጆንያ ሆኛለሁ» አለች። «ሌላ ምንም አልለምንሽም። በራሴ የምገባበት፣ በራሴ የምወጣበት አንድ በር ብቻ።»

ዘርፈሽ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስትደረድር ኖራ አምና ነው ጡረታ የወጣችው። ዶማ ይዛ አታውቅም። ይሁን እንጂ ስልኩ እንደተዘጋ ደረጃውን ወርዳ ሳንቃውን ከፈተችና፣ «አንተን ሳላሳምርህ ዘርፈሽ አይደለሁም!» አለችው ጨለማውን።

መጀመሪያ አንድ ሥራ ተቋራጭ አስጠራች። መጣ፣ በሜትር ለካ፣ በስልኩ አሰላ፣ ከዚያ የጠራውን ዋጋ ለመክፈል ቤቱን ራሱን መሸጥ ያስፈልግ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሜትርህን እንዳትረሳ» ብላ ሸኘችው። ያኔ ነው ራሴ እሠራዋለሁ ያለችው። ሰው ሳቀ። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ያልሳቁት ጎረቤቷ ኦቦ መርጋ ብቻ ናቸው። አርባ ዓመት የአምቦን ግንብ የገነቡ ሰው ነበሩ፤ ወገባቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ግን አንድ ድንጋይ አያነሱም። ባለ ሦስት እግር ዱካቸውን ይዘው መጡና የምድር ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ዲቦራ» አሉ። እንዴት አደርሽ የዲቦራ እናት ማለታቸው ነው፤ ሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። «እኔ ቁጭ ብዬ እሳደባለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን ኦቦ መርጋ። ስድቡ ብቻ እንዳይበዛ።»

በዛ እንጂ! «እሱ ዶማ ነው ወይስ ማማሰያ?» «አፈሩን አትለማመጪው፣ ምቺው!» ሲሏት ይውላሉ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ያለው መላ ወለሉን ቆፍሮ ማውረድ ነበር፤ አንድ ክንድ ሲወርድ ሰው ቀና ብሎ ይቆማል፣ ወለሉም ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል። እናም ቆፈረች። አፈሩን በእጅ ጋሪ እየገፋች አወጣች። በሦስተኛው ቀን መዳፏ ተላጠ፣ በሳምንቱ ወገቧ አልታጠፍ አለ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ድንጋይ ወጥቶ አልነሳ ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኦቦ መርጋ ፊታቸውን አዙረው እስክትጨርስ ጠበቁና «ጃባዱ!» አሉ። በርቺ ነው። በረታች።

ከግንቡ አጠገብ ስትደርስ ግን ከዱካቸው ብድግ አሉ። «ተይ! መሠረቱ ሥር ከደረስሽ ሳሎንሽ እንዳለ አናትሽ ላይ ይቀመጣል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቂ።» እሷም ራቀች፤ በሦስቱም ግድግዳ ሥር ሳይቆፈር የቀረው አፈር ከፍ ብሎ ቀረ። ዞር ብላ ስታየው መደብ ነው። ወዲያው ስልኳን አነሳች።

«ዲቦራ፣ የወንበርሽ መቀመጫ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?»

«ሜትር የለኝም እማዬ… ቆይ። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። በኔ ስንዝር ነው፣ ያንቺ ይሰፋል።»

መደቡን ልኩን አስተካከለችው፤ ልጇ ከወንበሯ ወደ አልጋዋ ማንም ሳይነካት ትሻገራለች። የቧንቧውን ቁመት እንዲሁ ጠየቀች። የማብሪያ ማጥፊያውን፣ የበሩን እጀታ፣ ወንበሩ ለመዞር የሚፈልገውን ስፋት፣ ሁሉንም በስልክ፣ ሁሉንም በስንዝር። ሲሚንቶውን ለወለሉ ሊሾ ቆጥባ፣ ግድግዳውን በጭቃና በጤፍ ጭድ መረገችው። ጭቃው ደግሞ ሳይቦካ አይጣበቅም፤ አሥር ቀን በራፏ ላይ ተከምሮ ሰፈሩን አገማው። በሩን ከፈረሰ ወፍጮ ቤት አገኘችው፤ ጆንያ የተሸከመ ሰው እንደልቡ ይገባበት የነበረ ሰፊ የብረት በር ነው። ሰማያዊ ቀለም ቀባችው።

ይህን ጊዜ ወሬው ከጭቃው ብሶ ሸተተ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎረቤቷ ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተጠጋቻት።

«ዘርፌ፣ እውነት ነው እንዴ ልጅቱን ምድር ቤት ልትደብቂያት ነው የሚባለው?»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

ዘርፈሽ ደሟ ፈላ። እዚያው ሰው መሀል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ለሰው ንገሪልኝ! ሊደብቅ የፈለገ ሰው በር ይደፍናል እንጂ በር አያሰፋም። የኔ ልጅ በር ወደ መንገድ ነው የሚከፈተው። ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ፣ እሷም ታየዋለች!»

ጋሽ ይገዙ ከኋላ ሰምተው ክው አሉ። «ስማችንን አደባባይ አወጣሽው» አሉ። «እንግዲህ ቁርጡን እንነጋገር። ልጅቱ በመጣች ቀን በዚያ በር በራሷ ከገባች አፌን እዘጋለሁ። ካልገባች ግን በጀርባዬ አዝዬ ሳሎን አወጣታለሁ፤ ጉድጓዱም ወደ ድንቹ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የምድር ቤት ወሬ መስማት አልፈልግም።»

«ካልገባች የምድር ቤቱን ቁልፍ ይውሰዱ ጋሼ» አለች፣ እንዲያው ከአፏ አመለጣት። ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር አይታጠፍም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ፈርታለች፣ ግን መፍራቷን ለማንም ልታሳይ አይደለም።

የቀረው የበሩ ደፍ ነበር። ዲቦራ ልትመጣ ስምንት ቀን ሲቀራት የበሩን ፍሬም አቆሙ፤ ኦቦ መርጋ በውሃ ልክ አዩትና «ባዬ ጋሪዳ!» አሉ። በጣም ጥሩ ማለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉት በጣት ለሚቆጠር ሥራ ነው። «አሁን ደፉን ሙይው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች እንጂ! አምቦ ውስጥ ወደ መንገድ የሚከፈት በር ያለ ደፍ ማን አይቶ ያውቃል? በሐምሌ መንገዱ ወንዝ ነው። ጠጠሩን አበዛች፣ ሲሚንቶውን አልሰሰተችም፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደፍ ሠርታ በግንበኛ ካዞላ ለሰነችው። ከሠራችው ሁሉ እሱ አማረ። ስምንት ቀን ሙሉ ውሃ እያጠጣች፣ ሰው እንዳይረግጠው እየተቆጣች፣ ራሷም በወጣች በገባች ቁጥር እግሯን ከፍ አድርጋ እየተሻገረችው ኖረች።

ቅዳሜ ረፋድ መኪናው መጣ። ሰፈሩ ወጥቶ ቆሟል፤ ድንቅቱ ከፊት፣ ኦቦ መርጋ ዱካቸው ላይ፣ ጋሽ ይገዙ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከኋላቸው ሁለት ጎረምሳ። ዲቦራ ከስታለች። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ሾፌሩ ሊገፋት እጁን ሰደደ፤ «ተወኝ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» አለችው። እናቷን ሳመች። ከዚያ ሰማያዊውን በር አየች።

«የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ዲቦራ እናቷ በመንገዱ ዳር ባነጠፈችው ድንጋይ ላይ ጎማዎቹን በእጇ እየገፋች ሄደች። በሩ ደረሰች። የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ደፉን መትተው ቆሙ።

ወደ ኋላ ተመልሳ ደገመችው። ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ በኃይል መጣች፤ ወንበሩ ወደ ፊት አዘመመና ልትወድቅ ስትል ፍሬሙን ይዛ ተረፈች።

ዘርፈሽ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሁሉን ለክታለች! መደቡን፣ ቧንቧውን፣ እጀታውን፣ ሁሉን! ይህን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ደፍ ይለካል እንዴ? እሷም ኦቦ መርጋም በእግራቸው ሲሻገሩት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ኦቦ መርጋ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ሙይው ያልኩት።»

«ተናግሬ ነበር» አሉ ጋሽ ይገዙ፤ ደስ ብሏቸው አይደለም፣ ድምፃቸው እንኳ ደክሟል። ኮታቸውን አውልቀው ለአንዱ ጎረምሳ ሰጡና ጎንበስ አሉ። «ነይ ልጄ፣ አንገቴን ያዢ።»

«ጋሼ፣ እንዳይነኩኝ።»

«ኧረ ሰው እያየ ነው…»

«ይይ!» አለች ዘርፈሽ። ወደ ውስጥ ዘላ ገብታ መዶሻና መሮ ይዛ ወጣች። እዚያው በነጭ ቀሚሷ ተንበረከከች። «ቁልፉ ኪሴ ነው ጋሼ፣ አልሸሽም። ግን በመጣች ቀን አሉ እንጂ በመጣች ደቂቃ አላሉም። ቀኑ ገና ነው!»

መታች። ደፉ ንቅንቅ አላለም። ደግማ መታች፤ ፍንጣሪ ብቻ።

«ወይ ጣጣዬ!» አሉ ኦቦ መርጋ። «አርባ ዓመት ሥራህ ተሰነጠቀ ተብዬ አላውቅም። ምነው ዛሬ በተሰነጠቀ! ከጠርዙ ግቢ፣ ከጠርዙ! እሱ መዶሻ ነው ወይስ ማማሰያ?»

«ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይሞላባችኋል!» ጮሁ ጋሽ ይገዙ።

«ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል! ሰኞ በበሩ ፊት ቦይ እቆፍርለታለሁ። አፈር መቆፈር እንደሆነ ለምጃለሁ!»

ከጠርዙ አንድ ቁራጭ ዘለለ። ሰው አጉረመረመ። ክንዷ ሲዝል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ፣ አንድ እጅ መዶሻውን ያዘባት። ዲቦራ ናት።

«አምጪው እማዬ። ቁጭ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለኔ ይቀርባል።»

ወንበሯን ወደ ጎን አዙራ፣ በአንድ እጇ ፍሬሙን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ መታች። እናት መሮውን ይዛ ልጅ መዶሻውን እየሰነዘረች ቀጠሉ። የሆስፒታሉ ቀን ሁሉ፣ ሳትጠየቅ የተነሳችው ሁሉ፣ እዚያ ደፍ ላይ ወረደ። ሁለቱ ጎረምሶች እንርዳ ብለው ቀረቡ፤ ድንቅቱ ናት በክርኗ የመለሰቻቸው። «አትንኳቸው!» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ደፉ አለቀ። ዘርፈሽ ፍርስራሹን በእጇ ጠረገችው፤ ጣቶቿ ደምተዋል፣ አላስተዋለችውም። ዲቦራ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ገፋች። ጎማዎቹ ሻካራው ላይ አንገጫገጯትና ገባች።

ገብታ ወለሉ ላይ አንድ ዙር ዞረች። መደቡን ዳሰሰች። ተመልሳ ወጣች። ደግማ ገባች። ሰው እልል ሊል ሲያሰፈስፍ እጇን ወደ እጀታው ሰደደች፤ ቁመቱ ልክ ነበር። በሩን በሁሉም ፊት፣ በእናቷም ፊት፣ ከውስጥ ዘጋችው።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ጋሽ ይገዙ የወንድማቸውን ቤት አንኳኩተው አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየገፉ ነው የገቡት። ዘርፈሽን አዩ፣ ዘርፈሽ ቅንጣት አልረዳቻቸውም። ኮታቸውን ተቀብለው ለበሱ፣ የኮቱን ቁልፎች ቆለፉ፣ ወደ ሰማያዊው በር ሄደው በጣታቸው አጥንት ሁለቴ መቱ።

«ማነው?» አለች ዲቦራ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ይገዙ ነኝ። ልግባ?»