ከምስክርነቱ በኋላ

አይ ጦና! አስተማሪ ሆኖ፣ ሐኪሙ ሲናገር በገዛ ጆሮው ሰምቶ!

ሚስቱን ሳህሊቱን ዓመት ሙሉ ደም ሲያስቀምጣት ከረመ። አሜባ ነው ተባለች፣ ታይፎይድ ነው ተባለች፣ ሶዶ ያለ ክሊኒክ ሁሉ ያዘዘላትን ዋጠች፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ከመዘምራን መካከል ስትቆም ቀሚሷ የውሰት ይመስል ሰፋባት። በመጨረሻ፣ በምርጫው ዓመት በሁለት ሺህ ሁለት፣ አንድ ወጣት ሐኪም አንጀቷን በመሣሪያ አየና ባልና ሚስቱን አስቀምጦ አስረዳቸው።

«ተውሳክ አይደለም» አለ። «የሰውነቷ ዘበኛ ነው ያበደው። ጠላት የገባ መስሎት የገዛ አንጀቷን ያቆስላል። ይሄ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ዘበኛውን ያበርድላታል፤ አንጀቷ ፋታ ሲያገኝ ቁስሉ ይደርቃል። በሽታው ግን ተኝቶ ይቆያል እንጂ ተነቅሎ አይወጣም። ክኒኑን ቀስ በቀስ የምቀንሰው እኔ ነኝ፤ በራሷ እንዳታቋርጥ። ሰውነቷ ራሱ የሚሠራው ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ክኒኑን ስትወስድ መሥራቱን ይተዋል። ድንገት ካቆመች ባዶ እጇን ነው የምትቀረው።»

ክኒኑ ሠራ። ደሙ ቆመ፣ የበላችው ሰውነቷ ላይ ዋለ፣ ፊቷም ድቡልቡል አለ። ፊቷን የሞላው መድኃኒቱ ራሱ መሆኑን ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ምእመኑ ግን ይህን ከየት ይወቅ? «እሰይ! ጌታ ሠራ!» ይላሉ ባገኟት ቁጥር። ጦናን ደስታው አቅሉን አሳተውና ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ለጋሽ ጩማ «እሑድ ትመሰክራለች» ብሎ ቃል ገባ።

«ገና ክኒን ላይ ነኝ እኮ» አለችው ሳህሊቱ በወላይትኛ።

«ክኒኑንስ የሰጠሽ ማን ሆነና? ተነሺና አመስግኚ።»

ማመስገኑስ ምን ክፋት አለው? ግን መድረክ ላይ ቆማ ጉባኤው በእልልታ ሲናጥ ስለ ክኒኑ የምትለው ጠፋት። «ፈጽሞ ድኛለሁ» ብላ ወረደች። ቤት ሲገቡ ክኒኑን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ብዬ ጓዳ ገብቼ ልዋጥ? ጌታን ላታልል?»

ጦና የሐኪሙ ቃል ትዝ አለው። ክኒኑን ግን አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ከተተው። እሱው ነበራ መድረክ ላይ ያቆማት!

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደሙ ሲመለስ ሳህሊቱ ከጎረቤትም ከመዘምራንም ደበቀች፤ ጦናም «ጉንፋን ይዟት ነው» እያለ አብሮ ደበቀ። አንድ ጠዋት ሽንት ቤቱ ደጃፍ ተዘርራ አገኛት። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጋሽ ጩማ ደግፈዋት በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት።

ወጣቱ ሐኪም ሆዷን ዳሰሰና ፊቱ ጠቆረ። «መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?»

ሳህሊቱ ጋሽ ጩማን አየች። «እየወሰድኩ ነው።»

«ሳታቋርጪ?»

«ሳላቋርጥ።»

ሐኪሙ ወደ ጦና ዞረ። «ልብ አድርግ መምህር። አቋርጣ ከሆነ ያንኑ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጥተን እንሞክራለን። እየወሰደች ከሆነ ግን መድኃኒቱ ተሸንፏል ማለት ነው፤ ያለን ምርጫ አንጀቷን ቆርጦ ማውጣት ነው። በዚህ አቅሟ ደግሞ እፈራላታለሁ። ትወስድ ነበር?»

አንዲት ቃል! ሌላ ምንም አልተፈለገበትም። ጦና ሚስቱን አየ፤ ዓይኗ አታዋርደኝ ይላል። ከራስጌዋ የቆሙትን ሽማግሌ አየ።

«ትወስድ ነበር» አለ።

ከቀዶ ሕክምናው አልነቃችም። ዘመዶቿ ትውልድ ቀዬዋ ጉኑኖ ወስደው ቀበሯት።

ለቅሶ ቤት ጋሽ ጩማ አጠገቡ ተቀመጡና እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «አይዞህ ልጄ፤ የምትችሉትን አድርጋችኋል። ሳላቋርጥ ወስጃለሁ ስትል ሰምቼ እኔም ተጽናናሁ። አንዳንዱ ከመሰከረ በኋላ መድኃኒት መዋጥ ያፍራል፤ ሞኝነት ነው! እኔ የደም ግፊት ክኒን ስውጥ ስንት ዘመኔ። ሳልውጥ መድረክ ላይ ወጥቼም አላውቅ።»

ጦና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ለቀስተኛው ከሩቅ አገር ዘመድ የደረሰ መስሎት ከመቀመጫው ተነሥቶ አብሮት አለቀሰ።