እሺ ተብላ ያልሄደችው ሴት

እናቴ ስታንሾካሹክ ሦስት ሱቅ ድረስ ይሰማል። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ውስጥ የዓሣ አጥሚት ስትሸጥ፣ ከሞተር ሳይክልና ከጎረቤት ቴሌቪዥን ጋር በድምፅ ስትፎካከር ስለኖረች ዝቅ ብሎ መናገር የሚባለው ነገር ከጉሮሮዋ ጠፍቷል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ እናቴን ለማማት አይደለም። ማማት ብፈልግማ ከዚህ የባሰ ሞልቶኛል።

የዚያን ሰሞን የእጅ አንጓዋ አልታዘዝ ብሏት ነበር። የሩዝ አጥሚቱ ውስጥ የሚገባው ዓሣ አጥንቱ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ አንድ በአንድ ካልተለቀመ ደንበኛ ያንቃል። ረዳቷ ባል አግብታ ካኦሹንግ የሚባል ሌላ ከተማ ገባች። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰው ጠባይ ጥናት እየተማርኩ፣ የጥናት ዘዴ የሚባለውን ትምህርት ወድቄ እንደገና ጀምሬዋለሁ።

"አንድ ትምህርት ሁለት ጊዜ የሚማር ሰው ጎበዝ ነው ወይስ ደንቆሮ?" አለችኝ አጥንት እየለቀመች።

"ከባድ ነው እማዬ።"

"ሰው ማየት ነው አላልሽኝም? ሰው ለማየት ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል? እዚሁ ቁሚና እያጠብሽ እዪ!"

"እንደሱ አይደለም..."

"እንግዲህ በዚህ ሳምንት ጌታውን እጠይቀዋለሁ። ትምህርቷን ትታ ትምጣ ካለ ትመጫለሽ። እኔ እንደሆነ ብትመጪልኝ ደስታዬ ነው። እጄን እዪው እስቲ።"

አየሁት። አብጧል።

ጌታው የሰፈራችን ቤተ መቅደስ አምላክ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ጢሙ እስከ ሆዱ። እናቴ ያለ እሱ ፈቃድ ማቀዝቀዣ እንኳ ገዝታ አታውቅም። ሲጠየቅ የሚመልሰው በሁለት እንጨት ነው። ግማሽ ጨረቃ መስለው የተጠረቡ ናቸው፤ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎናቸው እብጥ ያለ። ወለል ላይ ሲጣሉ አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በእብጡ ከዋለ ጌታው እሺ ብሏል። ሁለቱም እብጣቸውን ወደ ላይ ካደረጉ እምቢ ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ግን ጌታው ስቋል ይባላል፤ ለምን እንደሚስቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ለትልቅ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ እሺ ማለት አለበት። እንግዲህ የእኔ ዕድል ሁለት እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ሳላፍር ልናገር፦ ሰው የሚያደርገውን ነገር ለምን እንደሚያደርግ ማወቅን ያህል የምወደው ነገር የለም። ከዚያ ክፍል ተነቅዬ ዕድሜዬን አጥንት ስለቅም ማሰቡ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ትምህርቱን የሚሰጡን ፕሮፌሰር ያን ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። የሰጡን ሥራ ቀላል ይመስላል፦ ሰዎች በአደባባይ የሚያደርጉትን አንድ ነገር ምረጡና አጥኑት። እኔ እጄን አወጣሁ።

"ሰው እንጨት የሚጥለው የአምላክን ፈቃድ ለማወቅ ሳይሆን የራሱን ምኞት ለማስፈረም ነው የሚል መላምት አለኝ። የፈለገውን እስኪያገኝ ይጥላል፤ ሲያገኝ ይሄዳል።"

"እንዴት ነው የምታውቂው?"

"እጠይቃቸዋለኋ።"

"ጠይቂያቸው" አሉኝ። ልጅ ትኩስ ድስት ሊነካ ሲሄድ እያዩ ዝም የሚሉ አክስት ነበር የመሰሉኝ።

መጠይቅ አዘጋጀሁና ቤተ መቅደሱ በር ላይ ቆምኩ። "የማይፈልጉት መልስ ሲመጣ ደግመው ይጥላሉ?" ይላል ጥያቄው። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ተቆጣኝ። በሩ ላይ ሎተሪ የምትሸጠው ሴትዮማ ደረቷን ይዛ፣ "ደግሜ? እኔ? ጌታው አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው!" አለች። ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረችው። የወንድ ጓደኛ አለሽ? ለምን የለሽም? እናትሽ ታውቃለች? መጠይቁ አልቆ እኔ ነበርኩ የምመረመረው።

ፕሮፌሰር ያን ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፤ ቅዱሳን ብቻ የሚኖሩበት ሰፈር አግኝተሻል" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ሰው ስለ ራሱ ሲነግርሽ መሆን የሚመኘውን ነው የሚነግርሽ። አፉን ተዪና እግሩን እዪ። መቼ ነው የሚሄደው? እሱን ጻፊ።"

"እሺ ሲባል ይሄዳል። እምቢ ሲባል ደግሞ ይጥላል።"

"እምቢ መባል የሚፈልግ ሰውስ?"

"እምቢ ለመባል ብሎ ቤተ መቅደስ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ሳታገኚ እንዳትመለሺ።" ወደ በሩ ስሄድ ደግሞ ከኋላዬ ተጣሩ። "አንድ ነገር! ታዛቢ ግድግዳ ነው። ግድግዳ አያስልም፣ አይስቅም፣ አያለቅስም። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ጠባዩ ይለወጣል። ደግሞ የራስሽን ሰፈር እንዳታጠኚ!"

የመጨረሻውን አልሰማሁም። ማለት ሰምቻለሁ፤ ግን ጥናቱን አብሮኝ እንዲሠራ የተመደበው ዴ-ማው ሰነፍ ነው። ሌላ ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። የእኛው ግን ማራገቢያ አለው፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ በረዶ በማንጎ የሚሸጥ ቤት አለ። እናቴ ሱቋን ቀትር ላይ ዘግታ ትተኛለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ማን ያየናል አልን። ሳይንስ በማንጎ ተሸነፈ።

ዴ-ማው በግራ ምሰሶ፣ እኔ በቀኝ ምሰሶ ሥር ተቀመጥን። ያየነውን ለየብቻ ጽፈን በኋላ እናስተያያለን። የሰዎቹን ጥያቄ አንሰማም፤ ሰው ለአምላኩ የሚናገረው በከንፈሩ ነው። እንጨቱ ግን ይታያል፣ እግሩም ይታያል። የመጀመሪያውን ቀን በጭቅጭቅ ጨረስነው። አንድ ሽማግሌ እንጨቱ አምልጧቸው ወደቀ፤ ዴ-ማው "እሺ" ብሎ ጻፈ።

"አምልጧቸው ነው እኮ!"

"ጌታው ቸኩሎ ቢሆንስ?"

"መጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳንስማማ ነው የጀመርነው አንተ ጅል! ከደረት በላይ ይዞ ሲለቅ ብቻ ነው የምንቆጥረው።"

"ለአጭር ሰው ይከብዳል" አለ፤ ግን ጻፈው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሰመረ። ሰዎቹ እሺ ሲባሉ አምላክ ሐሳቡን እንዳይለውጥባቸው ላጥ ይላሉ። እምቢ ሲባሉ ጎንበስ ብለው ያነሣሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ይጥላሉ። በሦስተኛው ቀን ሎተሪ ሻጯ ራሷ ገባችና እሺ እስክትባል ክንዷ እስኪዝል ጣለች። ወጥታ ስታልፍ በአክብሮት ሰላም አልኳት።

አራተኛው ቀን ላይ እናቴ መጣች።

ሽርጧን አልፈታችም፤ የላስቲክ ቦቷም እግሯ ላይ ነው። ብርቱካኗን መሠዊያው ላይ ደረደረች። እኔ ምሰሶው ላይ ከተቀረጸው ዘንዶ ኋላ ተለጠፍኩ።

"እናትሽ አይደለችም እንዴ?" አለ ዴ-ማው በከንፈሩ ብቻ። በጣቴ አፌን ዘጋሁ። ግድግዳ ነን።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ማለትም ቤተ መቅደሱ በሙሉ ሰማ። ሎተሪ ሻጯ ውጭ ሆና ወንበሯን አዞረች።

"ጌታዬ፣ እኔ ሊያዎ ዩዌ-ሺያ ነኝ፤ የቀይ በሩ ቤት፣ ዓሣ አጥሚት ሻጯ። ያውቁኛል። ልጄ አ-ኒንግ ትምህርቷን ትታ ገበያ ትግባ? ትግባ የሚሉ ከሆነ ሦስት ጊዜ አከታትለው እሺ ይበሉኝ።"

ጣለች። እሺ። ጣለች። እሺ። ሦስተኛው ላይ አንደኛው እንጨት እንደ እንዝርት ዞረ፣ ዞረና ጋደም አለ። እሺ።

ዴ-ማው እንኳ መጻፉን ትቶ በሐዘኔታ አየኝ። አሁን እጇን አጋጥማ ታመሰግናለች፣ ብርቱካኗን ትሰበስባለች፣ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው ያደረገው።

እናቴ አልሄደችም።

እንጨቶቹን፣ አቅራቢ አምጥቶላት የተጠራጠረችውን ዓሣ በምታይበት ዓይን አየቻቸው። ግራ ቀኝ ተገላመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሣቻቸው።

"ጌታዬ፣ ዛሬ ሰው ስለበዛብዎት በደንብ አልሰሙኝም መሰለኝ።" ቤተ መቅደሱ ውስጥ ከእኛና ከተኛ ውሻ በቀር ማንም የለም። "ሊያዎ ዩዌ-ሺያ ነኝ። የቀይ በሩ ቤት።"

ጣለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

"እንዴ!" አለች። "ቆይ እንጂ፣ ይስሙኝ። ልጅቷ ዓሣ ማጽዳት አትችልም። ግማሹን ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ነው የምትጥለው። ደንበኛ ነው የምታባርርብኝ።" ጣለች። ጌታው ሳቀ። "ምኑ ነው የሚያስቅዎት? ለእጄ አዝነው ነው? እጄ የራሴ ነው፣ ከእርስዎ አልተዋስኩትም!" አሁንም ጣለች፤ አሁንም ሳቀ። እናቴ ወደ መሠዊያው ጠጋ አለችና ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች፤ በረዶ ቤቱ ያሉትም እንደሰሙ በኋላ ነግረውኛል። "ከቤታችን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢሠራ ምን ይጎድልብዎታል? ልጅቷ ማወቅ ትወዳለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለምን ለምን እያለች አናቴን አዙራዋለች። እኔ መልስ የለኝም። እዚያ ትጠይቅ፤ ይተዉልኝ።"

ጣለች። ሁለቱም እብጣቸውን ወደ ላይ አደረጉ።

"እምቢ! በቃ! አመሰግናለሁ ጌታዬ!" አለችና እንጨቶቹን ከወለሉ ጠራርጋ፣ ሰግዳ፣ ቦቷን እያንቋቋች ወጣች። አንድ እምቢ ብቻ ነው ያገኘችው። ሦስት ተከታታይ የሚለውን የራሷን ደንብ የት እንደጣለችው ጌታው ይወቅ። ብርቱካኗን እንኳ ረሳችው።

ፕሮፌሰር ያን ግድግዳ አያለቅስም ብለዋል። የከተማችን የታይናን ግድግዳ ግን እርጥቡ የደቡብ ነፋስ በሚነፍስበት ወር ከላይ እስከ ታች ውኃ ያወርዳል። እኔም አወረድኩ።

"ብርቱካኑን እንውሰድላት?" አለ ዴ-ማው ቀስ ብሎ።

"ግድግዳ ብርቱካን አይሸከምም።"

"እንግዲያው ይቺን ሴት ከጥናቱ እናውጣት። እሺ ስትባል አልሄደችም፣ እምቢ ስትባል ሄደች። ሥራችንን ታበላሽብናለች።"

"ብትነካት እጅህን እሰብረዋለሁ" አልኩት።

ማታ እናቴ ቤቱን በሚሞላ መድኃኒት የተነከረ ፕላስተር አንጓዋ ላይ ለጥፋ እራት አቀረበች። ድምጿን በጣም ተራ አድርጋ፣ "ጠየቅሁት" አለች።

"ማንን?"

"ጌታውን ነዋ! እምቢ አለ።" ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። "እኔ ልጄ ትምጣልኝ ብዬ ለመንኩት፤ እሱ እቴ! ምን ይደረግ? ሂጂና ያንን የወደቅሽውን ተማሪ።"

"ስንት ጊዜ ጣልሽ?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ሦስት ነዋ። ጌታው አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ማን ይጨቃጨቀዋል?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ተነሥቼ አንገቷን ላቅፍ ፈለግሁ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ ልላት፣ እጅሽስ ልላት። ግን ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ጠባዩ ይለወጣል። እናቴን ደግሞ እንዲህ እንዳለች ነው የምፈልጋት።

"እልኸኛ አምላክ ነው" አልኩ።

"አፍሽን ያዢ! ሰምቶሽ ሐሳቡን ይለውጥና!" አለች፤ የዓሣውን ሆድ፣ ሥብ ያለበትን፣ ወደ እኔ ሳህን እየገፋች።

በማግስቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ገበያ ወርጄ ሽርጥ አሰርኩና ዓሣ ማጽዳት ያዝኩ። እናቴ ስትመጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

የምለውን ትታ እጄን አየች። ብዙ አየችው። ከዚያ የጣልኩትን አጥንት ከባልዲው አወጣችና የተረፈበትን ሥጋ በዚያ ባበጠ እጇ ለቀመች።

"ሂጂ፣ ይረፍድብሻል" አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ በጣም ቀስ ብላ።

"ሰማሻት አይደል?" አለ ቶፉ ሻጩ ከሦስተኛው ሱቅ። "ሂጂ!"