መጨረሻ የሚወርደው

ከየካቲት ወዲህ ኢርማ ባሏን ሹፌር ባለበት መኪና አሳፍራው አታውቅም። በየካቲት ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳቸው የነበረው ወጣት ቢጫ መብራት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ባሏ ኤቫሪስቶ ከኋላ ተንጠራርቶ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። መኪናው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ግን ወርዶ፣ «እመቤት፣ ሽማግሌዎን ቤት ያስቀምጡ» አላትና ሁለቱንም መንገድ ዳር ትቷቸው ሄደ።

ኤቫሪስቶ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን የሚሽን ጎዳናን አውቶቡስ፣ አሥራ አራት ቁጥርን ነድቷል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ እሱን «ዶን»፣ እሷን «ዶኛ» እያለ ያከብራቸዋል። ጡረታ ሲወጣ አእምሮው ቀስ በቀስ ነገሮችን እየጣለ ሄደ፤ መንዳትን ግን አልጣለም። ሌላ ሰው ሲሳሳት እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ኢርማ ደግሞ መንዳት አልተማረችም። ባሏ ሹፌር ለሆነ ሴት ምን ያደርግላታል ብለው ነበር ሁለቱም።

የቀራቸው ሹፌር አልባው ነጭ መኪና ነው። መጀመሪያ ስትጠራው ፈርታ ነበር። ኤቫሪስቶ ግን ከኋላ ተቀምጦ፣ መሪው በራሱ ሲዞር እያየ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ «ይሄ ልጅ አይቸኩልም» አለ። የሚነዳ ልጅ እንደሌለ ኢርማ አልነገረችውም።

ዛሬም ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነው። ሐኪሟ ረጋ ብላ የምትናገር ወጣት ናት። «ሰው መትተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ኢርማ «አያውቅም» አለች። «አንድ ጊዜ እጃቸውን ካነሱ ቤት ሊያቆዩዋቸው አይችሉም። በሩ የሚቆለፍ ማረፊያ ማስገባት ግድ ይሆናል። ይህን አስቀድመው ቢያስቡበት ይሻላል» አለቻት። ኢርማ ቦርሳዋን አንስታ አመሰገነችና ወጣች። ማሰብ አልፈለገችም።

የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ዋንጫ በልቶ ከተማው ሰልፍ የወጣበት ቀን መሆኑን ረስታዋለች። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ስለተዘጉ መኪናው ባላሰበችው በኩል ታጥፎ ሃያ አራተኛው ጎዳና ውስጥ ገባ። ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር ሰው ነበር። ከበሮ ይመታል፣ ርችት ይተኮሳል፣ አንዱ የቡድኑን ባንዲራ እንደ ፎጣ ወገቡ ላይ አስሯል። መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ሰው መሐል ቆመ።

«መጣ! መጣ! ባርኔጣውን አምጡለት!» አለ አንድ ድምፅ።

ሰፈሩ ይህን ብልሃት ካወቀ ቆይቷል። ለመንገድ ሥራ የሚቆመውን ብርቱካናማ ሾጣጣ ፕላስቲክ አንስተው ኮፈኑ ላይ ሲያስቀምጡበት፣ መኪናው ከፊቱ የሆነ ነገር የተደቀነ መስሎት ይደርቃል። ሰው መጥቶ ካላነሳለት ንቅንቅ አይልም። አንድ ጊዜ ኢርማም ከመስኮቷ ሆና አይታ ስቃለች። ከየካቲት በፊት ነው። አሁን አንዱ ሮጦ ያንኑ ሾጣጣ ኮፈኑ ላይ ደፋው።

«ፀሐይ እንዳይመታው ነው እኮ!»

«መንጃ ፈቃድ አሳየና፣ ወንድሜ! ምነው ዝም አልክ?»

ሰዉ ሳቀ። የጎን መስታወቶቹ ጥቁር ስለሆኑ ከውጭ ሰው አይታይም። ኢርማ በጡጫዋ መስታወቱን ደበደበች፤ ከበሮው ዋጠው።

ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ የሴት ድምፅ መጣ። «ኢርማ፣ ከደንበኞች እርዳታ ነው የማናግርዎት። አካባቢው ላይ ችግር ያለ ይመስላል። ለፖሊስ አሳውቀናል። እባክዎ ከመኪናው አይውጡ።»

«ወደ ኋላ አስኪጂው!»

«በዙሪያው ሰዎች ስላሉ መንቀሳቀስ አይችልም።»

«ሰዎች ስላሉ እኮ ነው የምልሽ!»

ኤቫሪስቶ ወዲያና ወዲህ እያየ ነበር። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? አውቶቡስ ቀርቶባቸው ነው?»

«ሰልፍ ነው፣ የኔ ሽማግሌ። አሁን ያልፋሉ።»

የቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተጨብጧል። ኢርማ የራሷን እጅ ጫነችበት። ጡጫው ከሥር እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር።

ጢሙ የሸበተ፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው መዶሻ ይዞ ወደ ፊት መጣ። ከሰዉ ጋር አልነበረም የሚያወራው፤ ከመኪናው ጋር ነበር። «ስም አለህ? ልጅ አለህ? እኔ ሁለት አሉኝ። የኔ ታክሲ ቆሞ ሲዝግ አንተ በሰፈሬ ትንሸራሸራለህ፣ እ? ማነው የሚያበላህ? ንገረኛ!» አለና ስፖኪዮውን በአንድ ምት ገነጠለው።

«በለው ሩፊኖ!» አሉ ከኋላው።

ኢርማ መዶሻውን አላየችም። የምታየው ያንን ጡጫ ነበር። ኤቫሪስቶ ተነስቶ አንዱን ሰው አንድ ጊዜ ቢመታ፣ ስልኩን ደግኖ የሚቀርጸው ሰው ብዛት ይታያታል። ሐኪሟ ስልኳን ከፍታ ስታይም ታያት።

«ልጁ ለምን ዝም ይላቸዋል?» አለ ኤቫሪስቶ። «አውቶቡስ እየሰበሩበት!» የወንበሩን ቀበቶ ፈታ።

«የት ነው? ኤቫሪስቶ፣ ቁጭ በል!»

በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ገብቶ ነበር። ጉልበቱ ተቀረቀረ፣ አቃሰተ፣ አንድ ጫማው ወልቆ እሷ ጋ ቀረ፤ ግን ገባ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጀርባውን አስተካከለና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«የሹፌሩን መቀመጫ እባክዎ ይልቀቁ» አለ ጣሪያው። «በዚህ መቀመጫ መቀመጥ አይፈቀድም።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለ ኤቫሪስቶ ቀና ሳይል። የፊት መስታወቱን በጣቱ አንኳኳና፣ ሹፌሮች እግረኛ ሲጋርዳቸው እንደሚያደርጉት፣ ሰዉን በመዳፉ ወደ ጎን ጠረገ። ዞር በሉ፣ ዞር በሉ።

የፊት መስታወቱ ጥቁር አልነበረም። ሩፊኖ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ።

«ሹፌር አለው!»

«ሮቦቱ አረጀ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ዙሪያው በሳቅ ፈነዳ።

«አፍህን ዝጋ አንተ ማፈሪያ!» ማዕዘኑ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው ኔሊዳ ጋሪዋን ትታ በክርኗ እየሰነጠቀች መጣች። «ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው! የአሥራ አራት ቁጥሩ! ሳንቲም ሳትይዝ ስትቀር እየጫኑ ትምህርት ቤት ያደረሱህ ሰውዬ ናቸው! ዶኛ ኢርማ፣ ውስጥ ነሽ? ዶኛ ኢርማ!»

ሩፊኖ ሾጣጣውን ከኮፈኑ ላይ አነሳ። ከፊት ያሉት አንድ ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ። ኢርማ ተነፈሰች።

ከኋላ ያሉት ግን ይህን ሁሉ አላዩም። የኋላው መስታወት ተሰበረና አንድ የሚጮህ ነገር ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገባ። ርችት ነበር። አረንጓዴ ብርሃን መኪናውን ሞላው፤ ከዚያ ጭስ፤ ከዚያ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ።

«የበሮቹ ቁልፍ ተከፍቷል» አለች የጣሪያዋ ሴት። ድምፅዋ ተለውጧል። «ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!»

«ኤቫሪስቶ፣ ውረድ! እሳት ነው!»

አልተንቀሳቀሰም። በመሐለኛው ስፖኪዮ ወደ ኋላ አያት። ዓይኖቹ የተረጋጉ፣ ትሁት ነበሩ። የሚያዩት ግን እሷን አልነበረም።

«እመቤት፣ በኋላው በር ይውረዱ። ቀስ ብለው፣ ደረጃውን ይጠንቀቁ።»

«አንተ ውረድ! እኔ እከተልሃለሁ!»

«ሰው ሳይወርድ?» አለ፤ እንደ ቀልድ ቆጥሮት ፈገግ ብሎ።

ትከሻውን ይዛ ጎተተች። መሪውን አጥብቆ ያዘ፤ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተወጠረ። እንደገና ብትጎትተው እንደሚመታት አወቀች። ያኔ ደግሞ ማንም አያወርደውም።

አዲስ ሙሽራ ሳለች ማታ ማታ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብራው ትሄድ ነበር። ሰዉን ሁሉ ያወርዳል። እሷንም ያወርዳታል፤ ለሚስት ልዩ ደንብ የለም። ከዚያ ከፊት እስከ ኋላ ብቻውን ይሄዳል፤ የተኛ ሰው፣ የተረሳ ጃንጥላ እንዳለ ወንበር ለወንበር ያያል። እሷ ነፋሱ ውስጥ ቆማ፣ በበራው መስኮት ሲያልፍ ጀርባውን እያየች ትጠብቃለች። ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ወርዶ አያውቅም።

እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች። በሕይወቷ እንደዚህ የከበዳት ነገር የለም። በሩን ከፈተችና የዚህ ከተማ ሰው ከኋላው በር ሲወርድ እንደሚለው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ፣ ሹፌር!» አለች።

«መልካም ቀን» አላት።

ወረደች። ኔሊዳ ተቀብላ አቀፈቻት። ሩፊኖ ወደ ሹፌሩ በር ሮጠ።

«አትንካው!» ብላ ጮኸች ኢርማ። «ማንም እንዳይነካው! ራሱ ይወርዳል!»

«ዶኛ፣ እየነደደ ነው እኮ!»

«ከጎተትከው አይወርድም! ተወው እያልኩህ!»

ሩፊኖ እጁ የበሩ መያዣ ላይ ሆኖ ቆመ፤ እሷን ያያል፣ እሳቱን ያያል። ከበሮው ቆሟል። እሳቱ የኋላውን ወንበር አናት ይልሳል። በጭሱ ውስጥ የኤቫሪስቶ እጅ፣ መኪናው የሌለውን የእጅ ፍሬን ስትፈልግ ታየቻት። አገኘችው ወይስ ተወችው፣ አልታወቀም። ከዚያ ክንዱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ወደ ኋላ ዞረ። ኢርማ ተቀምጣበት የነበረውን ቦታ አየ። ከወንበሩ ሥር ለማየት ጎንበስ አለ። ሳል ያዘው። ኢርማ የኔሊዳን ክንድ በጥፍሯ እንደያዘች አላወቀችም። ጠርቼው ቢሆንስ፣ ጎትተነው ቢሆንስ አለች በልቧ፤ «ጎትቱት!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ሩፊኖ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንድ ጫማ ያደረገ እግር ወጣ፤ ቀጥሎ ካልሲ ብቻ ያደረገው። ኤቫሪስቶ ቀጥ ብሎ ቆመና በሩን በቀስታ ዘጋ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሩፊኖ ሄደ። መዶሻው አሁንም በሩፊኖ እጅ ነበር። የኤቫሪስቶ ቀኝ እጅ ተነሳች። ኢርማ ሁለት እርምጃ ሮጠች፤ አልደረሰችም። ስልኮቹ ሁሉ ወደዚያ ዞረዋል።

እጁ ሩፊኖ ትከሻ ላይ አረፈች።

«ዘግይተሃል» አለው፣ አውቶቡሱን ሊረከበው እንደመጣ ተረኛ ሹፌር ቆጥሮት።

ሩፊኖ መዶሻውን ዝቅ አደረገ። «መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ ዶን ኤቫሪስቶ።»

«ባዶ ነው፣ አይቻለሁ። ከኋላ በኩል ይሸታል። ጋራዥ ስታስገባው ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። እሳቱ ጣሪያውን ሲበሳ ሰዉ እየተገፋፋ ሸሸ፤ ከሩቅ የእሳት አደጋ መኪና ይጮሃል። ኔሊዳ ኢርማን ባሏን ይዛ ወደ ጎን መንገድ እንድትወጣ ገፋቻት። የኢርማ ስልክ ጮኸ። ያችው የጣሪያዋ ሴት ነበረች። ሁለቱም ደኅና መውጣታቸውን ጠየቀች፤ ደስ አላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተሳፋሪ የሹፌር ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ጉዳዩ እስኪጣራ አገልግሎቱ እንደሚቋረጥባቸው ነገረቻት። ኢርማ «ገባኝ» ብላ ዘጋችው።

ኤቫሪስቶ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ባለ ካልሲ እግሩን ያያል። ሩፊኖ መዶሻውን የት እንዳደረገው አይታወቅም፤ ባዶ እጁን ተከትሏቸው መጥቶ ነበር።

«ሰው ያለበት አልመሰለኝም» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ አልመሰለኝም።»

«ሐኪም ቤት የሚያደርሰን ያ መኪና ነበር።»

«እኔን ደግሞ ከእንጀራዬ ያስወጣኝ ያ መኪና ነው፣ ዶኛ።»

ኢርማ ቀና ብላ ዳገቱን አየች። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። በካልሲ አይወጣም።

«ታክሲዬ ከዚያ ማዶ ቆማለች» አለ ሩፊኖ። «ላድርሳችሁ።»

«ሌላ ሰው ሲነዳ አይችልም። ትሳሳታለህ፣ እጅህን ይይዛል። ባለፈው ሰው ሊያስገድል ነበር።» ይህን ለባዕድ ሰው፣ ለሐኪሟ እንኳ፣ ተናግራ አታውቅም።

ሩፊኖ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲያው አልሳሳትማ።»

ኤቫሪስቶን ከፊት አስቀመጡት። ኢርማ ከኋላው ተቀምጣ፣ በወንበሩ ጎን እጇን አሾልካ የኮቱን ጨርቅ ጨበጠች። ታክሲው አሮጌ ነበር፤ ሲነሳ ሁለንተናው ተንቀጠቀጠ። ኤቫሪስቶ ማርሹን ሰማ፣ መንገዱን አየ። ሩፊኖ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ቀጥ ብሎ ይነዳል። አንገቱ በላብ ርሷል።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መብራቱ ቢጫ ሆነ። የኤቫሪስቶ እጅ ከጉልበቱ ላይ ተነሳች። ኢርማ ኮቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሩፊኖ ነዳጁን ለቀቀ፣ ፍሬኑን በቀስታ ጫነ፤ ታክሲው መስመሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ጥሩ» አለ ኤቫሪስቶ።

እጁን ግን ገና አላወረደም።